ሙያ ወይስ ትየባ?
(ስለ ፕሮግራም ጻፊዎች ሥራ የቀረበ የታሪክ ማስታወሻ)

በእኛ አገር «ሙያ» የሚለው ቃል ያልተሸከመው ጭነት የለም። ዶሮ ወጥ አሳምራ የምትሠራ ሴት ባለሙያ ናት፤ ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ሙያ ሠራ ይባላል፤ ሐኪሙም ሙያተኛ ነው፣ አናጢውም። «ሙያ በልብ ነው» የሚል አባባልም አለን። አባባሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሙያውን በልቡ ይዞ ለማንም ሳያስተምር ለሚሞት ሰው ማመካኛ ሆኖ ማገልገሉ አልቀረም። ለዚህ ነው አንድ ሥራ «ሙያ ነው፤ አይደለም» ተብሎ ክርክር ሲነሣ ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ ሳይገናኙ የሚተላለፉት። አንዱ የሚያወራው ስለ ችሎታ ነው፤ ሌላው ስለ ክብር ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ደመወዝ።

እዚህ ግቢ ውስጥ ሲያከራክረን የከረመው ጥያቄም ይኸው ነው፦ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ እውነተኛ ሙያ ነው ወይስ ረቀቅ ያለ ትየባ? ክርክሩን ያጋጋለው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና ነው። ሥልጠናው በኢንተርኔት ይሰጣል፤ በነጻ ነው፤ ሲያልቅ የምስክር ወረቀት አለው። እንግዲህ ነገር ወዳዶቹ ወዲያው ጠየቁ፦ አምስት ሚሊዮን ሐኪም በኢንተርኔት እናሠለጥናለን ያለ መንግሥት በየት አገር ተሰምቶ ያውቃል? አምስት ሚሊዮን ዳኛ፣ አምስት ሚሊዮን አውሮፕላን አብራሪስ? ካልተሰማ፣ አምስት ሚሊዮን ሰው በጥቂት ሳምንት ሊይዘው የሚችለው ነገር እንዴት ሙያ ይባላል? በአራት ዓመት የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ላይ ያሉት ጓደኞቻችን ይህ ጥያቄ ሲነሣ ፊታቸው ይለወጣል። አይፈረድባቸውም። ከባቲና ከከሚሴ ገጠር ፍየልና በሬ ተሽጦ የመጣ ልጅ፣ የተሸጠው በሬ በምን እንደ ተለወጠ ማወቅ መብቱ ነው።

(እግረ መንገዳችንን፦ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የዘነጋ የለም። ነጻ ሥልጠና ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ምን ያህል ነጻ እንደ ሆነ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።)

ጥያቄውን ለመመለስ ከኮምፒዩተር መጀመር አይበጅም። ከባቲ ገበያ እንጀምር።

ባቲ ደጋው ወርዶ ወርዶ የሚያልቅበት፣ የአፋር ቆላ የሚጀምርበት ከተማ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከኮምቦልቻ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። የሰኞ ገበያው በአገሪቱ ከታወቁት ትላልቅ ገበያዎች አንዱ ነው። ግመሉን የሚነዳው አፋር፣ ከብቱንና እህሉን ይዞ የሚመጣው ኦሮሞና አማራ፣ በሽመናና በንግድ የታወቀው አርጎባ፣ ሁሉም በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ሁለትና ሦስት ቋንቋ የማይናገር ነጋዴ እዚያ አይሰነብትም። እንግዲህ በዚህ ገበያ ላይ ማጭድ፣ ማረሻ፣ ቢላዋ የሚሸጠውን ብረት ሠሪ ልብ ብለን እንየው። ብረቱ ምን ያህል እንደ ጋለ የሚያውቀው በሙቀት መለኪያ አይደለም፤ በቀለሙ ነው። ቀይ ሲሆን አንድ ነገር ነው፣ ወደ ብርቱካን ሲያደላ ሌላ ነገር ነው፣ ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ ብረቱ ይቃጠላል። ውኃ ውስጥ መቼ እንደሚነከር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ያውቃል። ቶሎ ቢያወጣው ስለቱ ይታጠፋል፤ አጠንክሮት ቢተወው እንደ ሸክላ ይሰበራል። ይህን ማንም በሳምንት አይማረውም። ከአባቱ ወናፍ ሲነፋ ያደገ ልጅ እንኳ ስንት ብረት ያበላሻል።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር አለ፤ የክርክራችን ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለናል። ማጭዱ የተሰበረበት ገበሬ በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ ይመጣል። ይዞት ይመጣል። ሰው ፊት ያሳየዋል! ብረት ሠሪው የሠራውን ነገር ከሠራለት ሰው ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኘው ቀን በሳምንት አንድ ጊዜ አለው። ያ ቀን ብዙ የሚያስተምር ቀን ነው።

ታዲያ ኅብረተሰባችን ይህን ሰው ምን አለው? ጠይብ አለው፤ ቡዳ አለው። በማጭዱ እያጨደ፣ በማረሻው እያረሰ ልጁን አልድርለትም አለ። ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋንም እንዲሁ። ማሲንቆ ተጫዋቹን ሳይቀር! የከተማውን ስም የያዘው የባቲ ቅኝት ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሙዚቃችን ምሰሶ ሆኖ ሲኖር፣ ቅኝቱን በጆሮው ጠብቆ ያቆየው አዝማሪ ግን ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የከለከሉት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? አዋጁ ስድቦቹን አንድ በአንድ ያነሣል፦ ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ነጋዴው መጫኛ ነካሽ፤ ጸሐፊው ደግሞ ጠንቋይ። እንግዲህ ይህ የመጨረሻው እዚህ ላይ ያሻናል። ሰው የማይገባውን ምልክት ወረቀት ላይ እየጻፈ ነገር የሚያስኬድ ሰው፣ በዚያ ዘመን ዓይን ጠንቋይ ነበር። ዛሬም ማንም የማይገባውን ምልክት እየጻፈ መኪና የሚያስኬደውን ልጅ አንዳንዱ «ሊቅ ነው» ይለዋል፤ አንዳንዱ «ሲነካካ ይውላል» ይለዋል። ሁለቱም ሥራውን አላዩትም። ማምለክም መናቅም አለማየት ነው።

ከዚህ ሳንርቅ ወደ ጋፋት እንሂድ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን የሃይማኖት መልእክተኞች ሆነው የመጡ የእጅ ሥራ ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አናውቅም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አብዛኞቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም። ንጉሡ ግን «አናውቅም» የሚለውን ቃል የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። እየሞከሩ፣ እያበላሹ፣ እንደገና እየሞከሩ ተማሩት። በመጨረሻም ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. አካባቢ ተቀለጠ። በስንት መከራ፣ ገደል እየተቆረጠ መንገድ እየተጠረገለት፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ መቅደላ አምባ ላይ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ጦርነቱን አላተረፈም። የእኛ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የመድፉ ሠሪዎች ዲግሪ አልነበራቸውም፤ የሥራው መምህርም፣ መጽሐፉም አጠገባቸው አልነበረም፤ ሥራውን ሥራው ራሱ አስተማራቸው። ይሁንና ከፈረንጆቹ ጋር እሳቱን ያነደዱት፣ ሸክላውን ያቦኩት፣ ብረቱንና ነሐሱን ያቀለጡት ኢትዮጵያውያን ስማቸው አልተጻፈም። ንጉሡም መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ፤ የጋፋት እሳትም አብሮ ጠፋ። ችሎታ ተፈጥሮ ነበር፤ ሙያ ሆኖ ግን አልተተከለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አንባቢ ይያዝልን።

አሁን ወደ ጽሕፈቱ እንመለስ። የእኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመሩበት ደግሞ ከዚያ ይዘላል። የፈረንጅ ታይፕ መኪና ግን መርገጫው ከሃምሳ አያልፍም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ችግር ተያያዙት፤ በአማርኛ ታይፕ መኪና ታሪክ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣውም በዚህ ነው። መፍትሔው ፊደሉን መሰንጠቅ ነበር። «ቀ»ን ትመታለህ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ጭራ ትቀጥልለታለህ፣ «ቁ» ይሆናል። አባቶቻችን የተጻጻፏቸውን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ያየ ሰው፣ ጭራው ከፊደሉ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደ ባለዕዳ ሲከተለው ማየቱ አይቀርም። አስቀያሚ ነበር እንበል፤ ግን ይሠራ ነበር! በዚያ መኪና ላይ በደቂቃ ስንትና ስንት ቃል ሳይሳሳቱ የሚመቱ፣ ስቴንስል ላይ ያለ ስርዝ የሚያወርዱ ታይፒስቶች ተፈጠሩ። «ትየባ ብቻ» የሚለውን ቃል ስንጠቀም እነሱን ማስታወስ ይገባናል። ትየባም በጊዜው ሙያ ነበረ።

ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ያው ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ። የያኔዎቹ ኮምፒዩተሮች ለአንድ የፊደል ዓይነት የሚሰጡት ቦታ 256 ነበር፤ ከዚያም ላይ ለመኪናው ለራሱ ትእዛዝ የሚያዘው ሲቀነስ ለፊደላችን የሚበቃ አልቀረም። ይህን ቋጠሮ መጀመሪያ የፈቱት በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ናቸው። አቶ ፍስሐ አጥላው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ዳሸን ኢንጂነሪንግ በሚባል ድርጅታቸው የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ሠሩ። ዶክተር አበራ ሞላ ደግሞ ሞድኤት የተባለውን ሠሩ። (ዶክተሩ ከተማችንን እናጽዳ በሚለው ዘመቻው «ጋሽ አበራ ሞላ» ከተባለው ድምፃዊ ጋር እንዳይምታቱ፤ ያኛው ስለሺ ደምሴ ነው።) ማን ቀደመ የሚለው ክርክር አሁንም አላባራም፤ እኛ አንገባበትም። የሚያስገርመን ሌላ ነው፤ ዶክተር አበራ በትምህርታቸው የእንስሳት ሕክምና ሰው ናቸው። እንግዲህ ፕሮግራም መጻፍ ሙያ አይደለም የሚለው ወገን ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፦ «አያችሁ! የከብት ሐኪም ሠራው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቅ ከብት ያክማል?»

ቀልዱ ጥሩ ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። የጋፋት ሰዎች መልእክተኞች ሆነው መጥተው መድፍ ማቅለጣቸው፣ መድፍ ማቅለጥን ቀላል ሥራ አላደረገውም። አንድ ሰው ያለ ትምህርት ቤት ሙያ መያዙ የሚያሳየው ወደ ሙያው የሚገባበት በር ብዙ መሆኑን ነው። በሩ ብዙ የሆነ ቤት ውስጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማወደስ አንችልም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግዕዝ ሶፍትዌር እንደ አሸን ፈላ። አጋፋሪ መጣ፣ ብራና መጣ፣ ቪዥዋል ግዕዝ መጣ፣ ፓወር ግዕዝ መጣ። አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፋፍሎ አስቀመጠው፤ ሌላው እንደ ታይፑ ጭራ ቀጠለለት። እያንዳንዱ ለ«ሀ» የሰጠው ቁጥር ከሌላው የተለየ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የእብድ ልፈፋ መሰለ። አንድ መሥሪያ ቤት የጻፈውን ሌላው ማንበብ አቃተው። በፍሎፒ ዲስክ የተቀመጠ፣ ዛሬ የሚከፍተው ሶፍትዌር የጠፋ ስንት ጽሑፍ እንዳለ ማን ቆጠረው? እያንዳንዱ ሠሪ ለብቻው ብልህ ነበር። አንድ ላይ ሲታዩ ግን የባቢሎን ግንበኞች ነበሩ። የባቲ ብረት ሠሪዎች የማረሻ ጫፍ ሲሠሩ የሁሉም ማረሻ ወደ ሞፈሩ እንዲገባ ያውቃሉ፤ አንዱ ለብቻው የፈለገውን መጠን ቢያወጣ ገበሬው አይገዛውም። የእኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ግን ገበያው ሰኞ ስላልነበረው፣ መጠኑን የሚያስማማቸው አልተገኘም።

ያስማማቸው ዩኒኮድ ነው። የዓለም ፊደሎች ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር እንዲኖራቸው በተዘጋጀው ደንብ ውስጥ የእኛ ፊደል በሦስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999፣ 345 ምልክቶች ይዞ ገባ። እዚህ ላይ የተሠራውን ውሳኔ እንመርምረው፤ ምክንያቱም ሙያ የሚባለው ነገር ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው። እንደ ታይፑ ፊደሉን ከጭራው ለይቶ መቁጠር ይቻል ነበር፤ ቁጥሩም ይቀንስ ነበር። እነሱ ግን «ቀ»ም «ቁ»ም «ቂ»ም እያንዳንዳቸው ሙሉ ፊደል ናቸው ብለው ለየብቻ ቁጥር ሰጧቸው። ለምን? የእኛ ፊደል በአንባቢው አእምሮ የሚኖረው ተሰንጥቆ ሳይሆን እንደ ሙሉ ገጽ ነውና፤ ቅጥያውም ከፊደል ፊደል አንድ ዓይነት አይደለምና። እንደዚሁም «ሀ»ን፣ «ሐ»ን፣ «ኀ»ን አንድ አድርገን እንገላገል አላሉም፤ ግዕዝን ያነበበ ሰው ልዩነቱን ያውቃልና። ይህን ለመወሰን ኮምፒዩተር ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ቋንቋውን፣ ጽሕፈቱን፣ የአንባቢውን ዓይን ማወቅ ይጠይቃል። አንዴ ከተወሰነ በኋላም የሚቀየር አይደለም፤ የልጅ ልጆቻችን የሚጽፉት በዚያ ቁጥር ነው። ይህ ትየባ ከሆነ እንግዲህ የአክሱም ሐውልትም ድንጋይ መፍለጥ ነው።

ንቀቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ውጭም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1946 ፊላደልፊያ ላይ ለሕዝብ የታየውን ኤኒያክ የተባለውን ኮምፒዩተር ሽቦ እየነቀሉ እየሰኩ የመድፍ ጥይት ስሌት እንዲሠራ ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ። መኪናውን የሠሩት ወንዶች መሐንዲስ ተባሉ። ሴቶቹ የሠሩት የጸሐፊ ሥራ ተደርጎ ተቆጠረ፤ በምረቃው እራት ላይ እንኳ አልተጠሩም። ሥራው ከባድ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው፤ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ወንዶቹ ወሰዱት! እንግዲህ አንድ ሥራ «ሙያ» የሚለውን ማዕረግ የሚያገኘው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ማን ይሠራዋል በሚለውም ነው። የእኛ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይህን ለመረዳት ፊላደልፊያ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

በ1968 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጀርመን አገር ጋርሚሽ በተባለች ከተማ ኔቶ የጠራው ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው «የሶፍትዌር ምሕንድስና» የሚለውን ስም ሆን ብሎ የያዘው ነገሩ ምሕንድስና ስለ ሆነ አልነበረም፤ ገና ስላልሆነ ነው። ፕሮግራሞች በጊዜያቸው አያልቁም፣ ወጪያቸው ያብጣል፣ ሲያልቁም ይሳሳታሉ፤ ስለዚህ እንደ ድልድይ ሥራ ሕግና ልኬት ይኑረው ነው የተባለው። ስሙ ምኞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል፤ ምኞቱ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያለው።

ግማሽ መንገድ ያልነው በሁለት ነገሮች ነው፤ ሁለቱም ከቤታችን ናቸው።

አንደኛው መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነውና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የማይረሳው ነው። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተደረገ ማሻሻያ ሳቢያ፣ ከመጋቢት 6 ወደ 7 በሚያደርሰው ሌሊት ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ ላይ ማውጣት ቻሉ። ወሬው በየመኝታ ክፍሉ ሲደርስ ምን እንደ ሆነ መተረክ አያስፈልገንም፤ ኤቲኤሙ ጋ የነበረውን ሰልፍ የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ሲተኛ ያመለጠውም እስካሁን ይቆጨዋል። ባንኩ ያለ አግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነው አለ፤ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንም ገለጸ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጠፉ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሚሸከም አገሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተማረ። ዘረፋ አይደለም፣ ጦርነት አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ «ሒሳቡ ይበቃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ነገር ሳይጠይቅ አለፈ። ይህን የሚሠራ ሰው ባለሙያ መሆን የለበትም የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ሁለተኛው አያስቅም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ ሌላ ማክስ 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። አውሮፕላኑ ላይ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሏል ብሎ ሲያስብ ወደ ታች ይደፍቀዋል። አውሮፕላኑ ላይ አፍንጫው የቀናበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ ሶፍትዌሩ ግን የሚያምነው በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ሲዋሽ፣ ሶፍትዌሩ አብራሪዎቹ ቀና ባደረጉት ቁጥር እየደጋገመ ደፈቀው።

እዚህ ላይ ብልጥ ተከራካሪ አንድ ነገር ይለናል፦ «ፕሮግራሙ እኮ አልተሳሳተም። የታዘዘውን አደረገ። ጥፋቱ የአዛዡ ነው።» እውነት ነው፤ ኮዱ የተባለውን አድርጓል። ግን እኛ የምንለው ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ታዛዥነት ሙያ አይደለም። ባቲ ላይ አንድ ሰው መጥቶ «እጀታው የማይገባበት ማጭድ ሥራልኝ» ቢል ብረት ሠሪው ይስቅበታል፤ ወይም ይጠይቀዋል፤ ወይም ገንዘቡን ይመልስለታል። ሐኪም በሽተኛው ስለ ጠየቀው ብቻ መርዝ አያዝም። መሐንዲስ ምሰሶው ይቀንስ ሲሉት ፊርማዬን አላኖርም ይላል፤ ካኖረ ደግሞ ሕንጻው ሲወድቅ ስሙ ይጠራል። በአንድ መሣሪያ ላይ የሰው ነፍስ አይንጠለጠልም ለማለት የአውሮፕላን ሊቅ መሆን አያሻም። ለማለት የሚያሻው፣ ሲባል የሚሰማ ሥልጣን ነው። ፕሮግራም ጻፊው ይህ ሥልጣን የለውም። ፊርማም የለውም፤ የሚጠየቅበት ስምም የለውም፤ ሰኞም የለውም። ማጭዱ የተሰበረበት ሰው አያውቀውም።

እንዲህ ስንል ፈቃድና ፈተና ሁሉን ይፈታል ማለታችን አይደለም። አሜሪካኖች ለሶፍትዌር መሐንዲሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2013 ጀምረው በ2019 ተፈታኝ በማጣት አቆሙት። የማይጠየቅ ሰው ፈቃድ ለማውጣት ለምን ይደክማል? በአገራችንም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪውም ይቀመጣል፤ ከመቶ ሃምሳ ያመጣ ያልፋል። የመውጫ ፈተና መልስ መምረጥ ነው። አንድ ልጅ አራት ምርጫ ካለው ጥያቄ ትክክለኛውን መለየቱ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ወደ ሥራ ሲወጣ ምርጫ የሚዘረዝርለት የለም። የማጭድ ፈተና ቢኖርና «ብረት ሲግል የሚይዘው ቀለም ሀ) ሰማያዊ ለ) ቀይ» ቢባል፣ ሁላችንም መቶ ከመቶ አግኝተን አንድም ማጭድ አንሠራም ነበር።

ተቃራኒውን ወገን ግን እንስማው፤ ሙግቱ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ከፕሮግራም ሥራ ብዙው ከዚህ ቆርጦ እዚያ መለጠፍ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ለአንድ ሆቴል የመኝታ ክፍል መመዝገቢያ፣ ለአንድ እህል ነጋዴ የገቢና ወጪ ሒሳብ የሚሠራ ልጅ አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ መቶ ጊዜ የተሠራውን ለመቶ አንደኛ ጊዜ ይሠራዋል። ግን ከሸማኔው ሥራስ ብዙው ምንድን ነው? መወርወሪያውን ማቀባበል፣ ማቀባበል፣ ማቀባበል። ሐኪሙስ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ጉንፋንና ወባ አይደለም ወይ የሚያየው? የአምስት ሚሊዮኑ ሥልጠናም ቢሆን መነሻ እንጂ ሙያ እሰጣለሁ አላለም። ፊደል መቁጠር ለሁሉም ይገባል፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ግን ቅኔ ይቀኛል አላልንም። ከተቀላቀሉ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ አንዱን ልጅ በጥቂት ሳምንት ትምህርት ባለሙያ ነኝ እንዲል ያደርገዋል፤ ሌላው ቀጣሪ ደግሞ በዚያው ሒሳብ ይከፍለዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ እንግዳ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ይጽፋል፤ ያውም ቶሎ። ቆርጦ መለጠፉን እሱ ያዘው። በመኝታ ክፍሎቻችን ያለው ፍርሃትም ከዚህ ይመነጫል፦ እኛ ተመርቀን እስክንወጣ ምን ይቀርልናል?

ነገሩ ለሸማኔዎቻችን አዲስ አይደለም። የፋብሪካ ክር ወደ አገራችን ገበያ ሲገባ ፈታይዋና ሸማኔው አለቀላቸው የተባለበት ዘመን ነበር። ሸማኔው ያደረገው ግን እንዲህ ነው፦ ድሩን ከፋብሪካ ክር አደረገው፤ ማጉን በእጅ ከተፈተለው አስቀረው። ድር ረጅም ነው፣ ጠንካራና እኩል መሆን አለበት፣ ፈትሉ ያታክታል፤ ያን ለመኪናው ተወለት። የጨርቁን ልስላሴና መልክ የሚሰጠው ማግ ከእጅ አልወጣም። ይህን ያደረጉት ማንም አስተምሯቸው፣ ጥናት ተጠንቶላቸው አይደለም። ፈታይዋ ከዚህ ምን ያህል ተጎዳች የሚለው ግን ያልተነገረ ታሪክ ነው፤ የድሩን ፈትል ዋጋ ያጣችው እሷ ናትና። የኮምፒዩተሩን ድር ማን ሲፈትል እንደ ኖረ፣ ገና ተቀጥረው ቀላል ቀላሉን ሥራ እየሠሩ መማር የነበረባቸው ልጆች እንደ ሆኑ እናውቃለን። ያን ቀላል ሥራ መኪናው ከወሰደው ነገ ማጉን የሚያውቀው ሰው ከየት ይመጣል? ወናፍ ሳይነፋ ብረት የለየ ልጅ እስካሁን አላየንም።

የፋብሪካ ክር የሚገዛ ሸማኔ እንኳ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጫፉን መዝዞ በሁለት እጁ ሳብ ሳብ ያደርገዋል። ቶሎ ከተበጠሰ ልቃቂቱን ቦታው መልሶ ወደሚቀጥለው ሻጭ ይሄዳል።